ከሥዕሎቹ ሥር የጻፍኩት

ሰኞ 4

ዛሬ ስሙን የመጽሐፍ ሽፋን ላይ አየሁት። የጠመኔውን ስም! ሃያ ዓመት ሙሉ አባዬ ሱቅ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረው ሰውዬ፤ ጣቱ ሁልጊዜ በጠመኔ ነጭ ስለነበር በልጅነቴ እኔው ራሴ ስም ያወጣሁለት። "የወንድ ልብስ ቅድ" ይላል ትልቁ ጽሑፍ። ከሥሩ ስሙ ከነአባቱ። ደራሲ ሆኖልኛል!

እንዴት እንደደረሰኝ ልጻፈው፣ አለዚያ አብዳለሁ። የእኛ ቢሮ ለደራሲዎች የኢንተርኔት ሱቅ ገጽ ያሳምራል። መጽሐፉ ከሚሸጥበት ቁልፍ ዝቅ ብለው የሚደረደሩት ትልልቅ ሥዕሎች፣ የደራሲው ፎቶ፣ ከአንባቢዎች አስተያየት የተለቀሙ ሁለት ሦስት ቃላት፣ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ የሚያልፈው ሰው ቆም እንዲል የሚያደርገው ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። ጠዋት አለቃችን "ይሄ ላንቺ ነው፤ አባትሽ ልብስ ሰፊ አልነበሩ?" ብላ ፋይሉን ላከችልኝ።

ከፈትኩት። አርባ ሁለት ሥዕሎች። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጄ ማውዙ ላይ ቀረ። የአባዬ መስመር ነው። አባዬ ግራኝ ነው፤ ትከሻ ሲስል ከክንድ ወደ አንገት ነው የሚጎትተው፣ መስመሩ እየቀጠነ ይሄድና ጫፉ ላይ ይጠፋል። ከሺህ ሥዕል መሃል ለይተሽ አውጪ ብባል አወጣዋለሁ። ወደ ታች ወረድኩ። አርባ ሁለቱም የእሱ ናቸው።

አባዬ ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። ከማያይ ሰው ቤት መስረቅ! ይባስ ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ገጽ አሳምሩልኝ" እያለ ወደ እኔ ቢሮ ይልካል!

ማክሰኞ 5፣ በምሳ ሰዓት

እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ሥዕሎቹን አውቃቸዋለሁ እኮ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ በካርቶን ጥቅልል ውስጥ ነበሩ። አባዬ ዓይኑ መድከም ሲጀምር ነው አከታትሎ የሳላቸው። "ልጄ፣ አንድ ቀን እኔ ልንገርሽና አንቺ ጻፊ፤ መጽሐፍ ይሆናል" ይለኝ ነበር። እሺ ብዬዋለሁ። እምቢ ያልኩበት ቀን የለም። ያን ጊዜ ሥራው ከአፍንጫዬ በላይ ደርሶ ነበር፤ ትንሽ ቀለል እስኪለኝ ነው የቆየሁት። ታዲያ ይሄ ለሌባ በር ከፈተች ያሰኛል እንዴ?

ሥራ ያልበዛበት ሰው ይምጣና ይውቀሰኝ።

አለቃችን መጣች። በቃ።

ረቡዕ 6

"ይሄን መጽሐፍ አልሠራም" ልላት ቆርጬ ገባሁ። በሯ ላይ ስደርስ ሐሳቤን ቀየርኩ። እኔ ብተወው ፊት ለፊቴ ለሚቀመጠው ለቃል አሳማሪው ትሰጠዋለች (የገጾቹን ጽሑፍ የሚጽፈውን ልጅ እንዲህ ነው የምንጠራው)። እሱ ደግሞ ምንም አያውቅም፣ አሽሞንሙኖ ይሸጥለታል። አይሆንም። በእኔ እጅ ይለፍ። ልኩን አሳየዋለሁ።

እንዴት እንደሆነ ገና አላወቅኩም።

ቅዳሜ 9

አባዬ ጋ ሄድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደመጣሁ አክስቴ ገና ሰላም ሳትለኝ በሩ ላይ ነገረችኝ። "ሰባት ሳምንት!" አክስቴ የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ አብራው ነው የምትኖረው። የሰው ጥፋት በመቁጠር የሚያህላት የለም።

"ትንሽ ቀደም ብትዪ ጠመኔውን ታገኚው ነበር። አሁን ነው የወጣው።"

"እዚህ? ምን ሊያደርግ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ የለ እንዴ! ሦስት ዓመቱ እኮ ነው። አንቺ የት ሆነሽ ታውቂ!"

ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት! ለካስ እንዲህ ነው የተሰረቀው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ እያለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። አክስቴ ደግሞ ሌባውን ሻይ ስታጠጣ ከርማለች።

አባዬ ደስ ብሎታል፣ ፊቱ ፈክቷል። ስልኩ ትራሱ አጠገብ ነበር። "ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍለት ይውላል፣ ጆሮዬን በላው" አለች አክስቴ። ሬዲዮ ነው ብዬ አለፍኩት። አባዬ እጄን ያዘና "ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ..." ሲል ሰዓቴን አየሁ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። "በስልክ ትነግረኛለህ አባዬ" ብዬ ግንባሩን ስሜው ወጣሁ።

ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላልኩም። ልቡ ይሰበራል። እሱ አይወቅ፤ ብቀላውን እኔ እወጣለታለሁ።

እሑድ 10

ለጠመኔው መልእክት ላክሁለት። ልጅ ሆኜ "ጋሽ ጠመኔ" ነበር የምለው፣ "እርስዎ" እያልኩ። ዛሬ የጻፍኩለት ይሄን ነው፦ "ሁለተኛ አባቴ ቤት እንዳትደርስ። ምን እንደሠራህ አውቃለሁ። ለአባቴ አንድ ቃል ብትተነፍስ ወዮልህ።"

ከአምስት ደቂቃ በኋላ መለሰ። "እሺ።"

እሺ! ንጹሕ ሰው ቢሆን "ምን አደረግኩ?" አይልም ነበር? አምስት ደቂቃ የፈጀበት እኮ ውሸት ሲፈልግ ነው፤ ሲያጣ እሺ አለ።

ሐሙስ 14

እልህ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከአርባ ሁለቱ ስድስቱን መረጥኩ፤ የእሱ ፎቶ ሲጨመር ሰባት። መደቡን እንደ ሱፍ ጨርቅ ጥቁር ሰማያዊ አደረግኩት፤ የአባዬን መስመሮች ነጭ። እውነተኛ ጨርቅ ላይ በጠመኔ የተሰመሩ ነው የሚመስሉት። አለቃችን ከኋላዬ ቆማ ዝም ብላ አየች። "ገዢ በሦስት ሰከንድ ነው የሚወስነው" የምትለው ነገር አላት፤ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምትለው። ዛሬ ግን "ይሄን ሦስት ደቂቃ ያየዋል" አለች።

ለሌባ ነው እንዲህ የምለፋው? አይደለም። የአባዬ መስመሮች ናቸው፣ ማበላሸት አልቻልኩም። አስቀያሚ አድርጌ ልሥራው ብዬ ሞክሬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለ።

የሰውየውን ፎቶ ግን አገዘፍኩት። ፊቱን ሰው ሁሉ ይወቀው። መነጽሩን አስተካክሎ፣ ፈራ ተባ እያለ ካሜራውን ያያል፤ ምስኪን መስሎ። ቆይ ብቻ።

ሰኞ 18

አገኘሁት! እንዴት እንደምበቀለው አገኘሁት!

በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አንድ የማይታይ መስመር አለ። ማየት ለማይችሉ ሰዎች ስልካቸው ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው፣ ሥዕሉ ምን እንደሆነ የሚናገር። ሱቁ እሱ ካልተሞላ ገጹን አይቀበልም፤ ምን እንደተሞላ ግን የሚያይ የለም። እኛ ሁልጊዜ "የመጽሐፍ ሥዕል፣ የመጽሐፍ ሥዕል" እያልን ገልብጠን እንለጥፋለን።

ቃል አሳማሪው ዛሬ ስሞላ አየኝና ሳቀ። "አሁን ይሄን ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? እኔ አንድ ጊዜ እናቴ ግዛ ያለችኝን ሁሉ ጽፌበት ነበር። ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ የበር ቁልፍ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ እስከ ዛሬ አለ።"

አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። እውነቱን እዚያ አሰፍረዋለሁ። ገጹ ላይ፣ በገዛ ፎቶው ሥር፣ በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። ማንም ባያነበው እንኳ እኔ አውቀዋለሁ፤ መጽሐፉ በተሸጠ ቁጥር አንጀቴ ይርሳል። አንድ ቀን የሆነ ሰው ከሰማው ደግሞ እሰየው።

ደግሞስ ከማያዩ ሰዎች ውስጥ የኮት ቅድ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ማን አለ?

ማክሰኞ 19

ሰው ሁሉ ከቢሮ ከወጣ በኋላ ሰባቱንም ጻፍኩ። እዚህም ልገልብጣቸው። ሁሉንም ሳይሆን የወደድኳቸውን።

አንደኛው፦ "የኮት የፊት ቅድ። ይህን የሳለው ግራኝ ነው። ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ሰው በቀኝ እጁ ነው የሚጽፈው።"

ሦስተኛው፣ ፎቶው ሥር፦ "መነጽር ያደረገ ሰው። ሌባ እንዲህ ምስኪን ይመስላል።"

አምስተኛው፦ "ትከሻ። መስመሩ ከክንድ ጫፍ ወፍራም ሆኖ ይነሳል፤ ወደ አንገት ሲወጣ እየሳሳ ሄዶ፣ አንገት ሥር ሁለት ጣት ሲቀረው ይጠፋል። እንዲህ የሚስል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሁን አያይም።"

ሰባተኛው፦ "የእጅጌ ቅድ። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቤት ወሰደው።"

አምስተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። መሳደቡን ረስቼ መስመሩን ብቻ ስከተል ነበር። አራት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት። ከአባዬ ጋር ያን ያህል ጊዜ ከተቀመጥኩ... ይሄን አልጨርሰውም።

ረቡዕ 20

ለሱቁ ላክሁ። መርምረው እስኪለቁት አንድ ሳምንት ይፈጃል ተባልኩ።

ቅዳሜ 23

ዛሬም አባዬ ጋ ሄድኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ! አክስቴ እንኳ የምትለው አጣች።

አባዬ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በደረጃው ሰው ባለፈ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል። "ማን ሊመጣ ነው?" አልኩት። "ማንም" አለኝ።

"ጠመኔው ባለፈው ሳምንትም አልመጣ" አለች አክስቴ። "እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ስልክም አያነሳ። ታሞ ይሆን?"

"ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አልኩ እኔ።

አባዬ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "እሱ ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀርቶ አያውቅም" አለ።

ለምን ወደ እኔ ዞሮ እንዳለው አልገባኝም። ምሳ በላን። ከምሳ በኋላም ተመልሶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሆዴ ባባ፤ ግን እውነቱን ቢያውቅ እኮ ሰውየውን በዱላ ነበር የሚያባርረው። ለራሱ ስል ነው።

ረቡዕ 27

ገጹ ወጣ። ያምራል። እሰይ!

ቅዳሜ 30

የሆነ ሰው ሰማው።

ገጹ ሥር፣ ገዢዎች አስተያየት በሚጽፉበት ቦታ እንዲህ ይላል፦ "እኔ ማየት የተሳነኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለእሷ መጽሐፍ ስፈልግ ስልኬ አንድ ጉድ አነበበልኝ። ከሥዕሎቹ ሥር እናንተ የማታዩት ጽሑፍ አለ። ለመሆኑ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ማነው?"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ብቻዬን ሳቅኩ። አባዬ ጋ ሳልሄድ ቀረሁ፤ ስልኬን ስጠብቅ ዋልኩ።

ማክሰኞ 3

ስልሳ አራት አስተያየት! ስልካቸውን እያስነበቡ ቃሉን ገልብጠው እየለጠፉ ነው። "አንተ ሌባ፣ የዓይነ ስውር ላብ አይዋጥልህ።" "የሽማግሌውን ስም አውጣ።" "ፊቱን እዩት እስቲ።" አንዷ ፎቶውን ወስዳ ግንባሩ ላይ ሌባ ብላ ጽፋበታለች። በአውቶቡስ ስመጣም አነባለሁ፣ መታጠቢያ ቤትም አነባለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ደስታ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ። እሱ ግን አንዲት ቃል አልመለሰም። ምን ብሎ!

ረቡዕ 4

አለቃችን አወቀች። ከሱቁ ደብዳቤ መጥቶላታል። ጠራችኝና በሩን ዘጋች።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እውነት ነው የጻፍሽው?"

"እውነት ነው። የአባቴ ሥዕሎች ናቸው።"

"ታዲያ መጀመሪያ ቀን ለምን አልነገርሽኝም? ሰውየውን ጠርቼ እጠይቀው ነበር እኮ። አንድ ጥያቄ ነው።" የሱቁን ደብዳቤ ወደ እኔ ገፋችው። "እንዲህ አድርገሽ በጓሮ ከገባሽ በኋላ ነገ የትኛው ደራሲ ሥራውን ያምነኛል? ጠረጴዛሽን አንሺ።"

ስድስት ዓመት የሠራሁበት ቢሮ። አንድ ካርቶን ሞላ። ቃል አሳማሪው እስከ ታች ተሸክሞልኝ ወረደ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "የእናቴን ሽንኩርት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

አልጸጸትም። ደግመሽ አድርጊው ብባል አደርገዋለሁ።

ሐሙስ 5

መጽሐፉ የለም! ከሱቁ አውርዶታል። ስፈልገው "የፈለጉት ገጽ አልተገኘም" ይላል። ሌባ መሆኑን አመነ ማለት ነው። አሸነፍኩ።

ቁጭ ብዬ ያን ባዶ ገጽ ሳይ ብዙ ቆየሁ። እንዲያው ደስታው ቶሎ አለቀብኝ።

ዓርብ 6

አክስቴ ደወለች። "አባትሽ ነገ ይፈልግሻል" ብላ ዘጋችው። አክስቴ ስልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትዘጋ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ 7

ሁሉንም ልጻፈው። እንዳልረሳ ሳይሆን፣ ነገ ተነስቼ ለራሴ ሌላ ነገር እንዳልነግራት።

አባዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ስልኩ ጉልበቱ ላይ። ግንባሩን ልስመው ስጠጋ በእጁ አገደኝ። "ተቀመጪ።" አክስቴ ወጣች፤ ግን ከበሩ ኋላ እንዳለች እግሯ ይታየኛል።

"ይሄ ስልክ እንደሚያነብልኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ጠመኔው ነው ያስተካከለልኝ። ዓይኔ በጠፋ ዓመት። ጋዜጣ ያነብልኛል፣ መልእክት ያነብልኛል። ሰኞ ዕለት መጽሐፉ ወጥቷል ሲባል ሰምቼ አክስትሽ ፈልጋ ከፈተችልኝ። ሰባቱንም ሰማሁ።"

መጽሐፉን ያውቃል! ሰኞ ሰምቶ እስከ ዓርብ ምን እያደረገ ነበር?

"ምን እንደምልሽ ሳስብ አራት ቀን ፈጀብኝ" አለ ሳልጠይቀው። "አንቺ እንደሆንሽ አምስተኛው ላይ አወቅኩ። ያን መስመር ከልጅነቷ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ያየች ልጅ እንጂ ሌላ ሰው እንዲህ ሊለው አይችልም።"

"አባዬ፣ ሰርቆህ እኮ ነው!"

"እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

እሱ ቀጠለ፣ ረጋ ብሎ፣ ለደንበኛ ልክ እንደሚናገር።

"እኛ ሱቅ የተሰፋው ኮት ሁሉ፣ አንገቱ ውስጥ በተሰፋችው ጨርቅ ላይ የማን ስም ነበር?"

"ያንተ።"

"የሚቆርጠው ማን ነበር?"

መጋረጃው ዓይኔ ላይ መጣ።

"ከሃያው ዓመት አሥራ አምስቱን እሱ ነው የቆረጠው። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ልክ እወስዳለሁ፣ ከሰው ጋር እጫወታለሁ፤ እሱ ከመጋረጃው ኋላ ይቆርጣል። 'እጅህ ይባረክ' የሚሉት እኔን። ሠርገኛው የሚያመሰግነው እኔን። ሱቅ ያለው ሰው ስሙን ይሰፋል፣ የሥራው ደንብ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ አንድ ቀን እንኳ 'የኔስ ስም?' አላለኝም። ዓይኔ ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ስቀመጥ ያ ነገር መጣብኝ። ሥዕሎቹን ስሰጠው እምቢ አለ። ስንት ወር ተጨቃጨቅን። 'በእርስዎ ስም ይሁን፣ እኔ ልጻፍልዎ' ይለኛል፤ እኔ ደግሞ 'ስሜን ጠግቤዋለሁ፣ አንዴ አንተ ውጣበት' እለዋለሁ። እኔ እየነገርኩት፣ እሱ እየጻፈ፣ ሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"ለምን አልነገርከኝም?" ስለው ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

"ስንቴ ጀመርኩ ልጄ!"

እውነቱን ነው። ስንቴ እንደጀመረ አስታወስኩ። አውቶቡሱን አስታወስኩ።

"ቅዳሜ እንዳይመጣም አንቺ ነሽ የከለከልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሥዕሎቹ የኔ ነበሩ፤ የራሴን ነው የሰጠሁት። የእኔን ቅዳሜ ግን..." አለና ተወው። ስልኩን ትራሱ ሥር አደረገ። "ሂጂ አሁን። ደክሞኛል።"

አክስቴ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። አንድም ቃል አልተናገረችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ 8

ጠመኔው ጋ ሄድኩ። ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚሠራው፤ አንድ መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ ሙሉ ብርሃን ይገባል። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ወንበር በክንዱ ጠርጎ ሰጠኝ። እኔን! ሊያባርረኝ ሲገባው!

ይቅርታ ልለው ነበር የሄድኩት። ከአፌ የወጣው ግን "ለምን ዝም አሉ?" የሚል ነው። ጭራሽ ቁጣ ነበረበት።

"ምን ብዬ ልናገር?" አለኝ። "'ሰጥተውኝ ነው' ብል ማን ያምነኛል? 'እኔም ለእሳቸው ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ' ብል ደግሞ እሳቸውን ማዋረድ ነው። አወረድኩት፣ ተገላገልኩ።"

"መልእክት ስልክልዎስ? 'እሺ' ብቻ?"

"የቤቱ ልጅ ነሻ። አትምጣ ካልሽ ምን እላለሁ?" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። "ቢሮሽን የመረጥኩት እኮ አንቺ እንዳለሽ ስለማውቅ ነው። የአባቷን ሥዕል ከእሷ በላይ ማን ያሳምርልኛል ብዬ። ደግሞም አሳምረሽዋል።"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር። የሚያናድደው፣ አሁንም ሰውየውን ልወደው አልቻልኩም። ሦስት ዓመት በእኔ ቦታ ተቀምጧል፤ ይሄን ማን ይቅር ይለዋል? እሱ አልወሰደብኝም፣ ባዶ ነው ያገኘው። አውቃለሁ። ብቻ አንጀቴ እሺ አይልም።

ስወጣ በሩ ላይ ጠራኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምረን ነበር፣ የሴቶች ቀሚሱን። አባትሽ ደግሞ ጉልበታቸው እየደከመ ነው..." ጠመኔ የነካው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ቅዳሜ ልምጣ?"

ስንት ሰው ፊት ያዋረድኩት ሰው፣ የሚለምነኝ ይሄን ነው። "ይምጡ" አልኩት፤ ቀና ብዬ ሳላየው ወረድኩ።

ቅዳሜ 14

መጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። አባዬ ድምፁን ሲሰማ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ቆዩ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ አባዬ "ልጄ፣ ያን የጻፍሽውን ይዘሻል?" አለኝ።

"ይዣለሁ።" የለኝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም፤ ሰባቱም ያሉበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

"ለእኔ ስልኩ አንብቦልኛል። አሁን በአንቺ አፍ ልስማው። እሱም ይስማ።"

አነበብኩ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ "ሌባ" የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። "ቀጥዪ" አለ አባዬ። ቀጠልኩ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። በማያ ገጽ ላይ ስጽፈው ቀላል ነበር እኮ። ሰባተኛውን ስጨርስ እንባዬ ወረቀቱን አበላሽቶት ነበር። አክስቴ ኩሽና ውስጥ ሳህን ታንኳኳለች፤ የምታጥበው ነገር ግን አልነበረም።

"ይቅርታ" አልኩ። በመጨረሻ ወጣልኝ። ለሁለቱም ነው ያልኩት።

"አምስተኛው ጥሩ ነው" አለ ጠመኔው ቀስ ብሎ። "የማያይ ሰው እሱን ሰምቶ ጨርቅ ሊቆርጥ ይችላል።"

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ መጽሐፉን መልሰው።"

"አይሆንም ጋሼ።"

"ለምን አይሆንም?"

"ያ ሁሉ ሰው ሌባ ያለውን ስም መልሼ እዚያ ላይ አላስቀምጥም። ልጆች አሉኝ። ይውጣ ካሉ በእርስዎ ስም ይውጣ።"

"በእኔ ስም ከወጣማ ሰርቆ ነበር ያሉህ እውነት ሆነ! በቁሜ አላደርገውም።"

"እንግዲያው ይቅር።"

"ይቅር? ዓይኔ እስኪጠፋ የሳልኩት ይቅር?"

አባዬ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ጮኸ። ጠመኔውም ድምፁን ከፍ አደረገ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። የተጣሉት እያንዳንዳቸው ስማቸውን ላለማስቀመጥ ነው። አርባ ሁለቱ ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልለው ነበር፤ የሚነካቸው ጠፋ።

ከዚያ ሁለቱም ደከማቸው። ጠመኔው ወደ መስኮቱ ዞረ። አባዬ ፊቱን እኔ ወደቆምኩበት አዞረና፣ "ያወረድሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። "በይ አንቺው ንገሪን። በማን ስም እናውጣው?"

እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አስቤ እነግራችኋለሁ ብዬ ወጣሁ። ይሄው ከወጣሁ አራት ሰዓት ሆነኝ፣ ያንን ስምና ይሄንን ስም እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ሁለቱም እየጠበቁኝ ነው።